ሳር፣ ዛፍ ወይስ ቁጥቋጦ? ለአዲስ አበባ የሰፈር አረንጓዴ ቦታ የንጽጽር መመሪያ

በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሃል፣ በመንገድ ዳር ወይም በወንዝ ጥግ 500 ካሬ ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ያለው ሰፈር ብዙ ነው። ነዋሪው ቦታውን ለማልማት ሲሰበሰብ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ "ምን ያምራል?" የሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን "ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማን ያጠጣል? ውሃውስ ከየት ይመጣል?" የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለላል። የበልጉ ጠብታ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ሐምሌ ላይ የተተከለ ሁሉ በመስከረም ለምለም ነው፤ ምርጫው ልክ ይሁን ስህተት የሚለየው መጋቢት ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን የምናወዳድረው በመጋቢት ሚዛን ነው።

ሂሳቡ በውሃ ሲሰራ

ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ እንዲሆን የሚፈለግ ሳር በበጋ በካሬ ሜትር በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ይጠጣል። 500 ካሬ ሜትሩ በሙሉ ሳር ከሆነ በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር፣ በሳምንት ከ10,500 እስከ 14,000 ሊትር ማለት ነው። ባለ 2,000 ሊትሩ ሮቶ በየቀኑ ተሞልቶ በየቀኑ ባዶ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይቻልም፤ ቢቻልም ለጎረቤት መጠጥ የሚሆነውን ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

በዚሁ ቦታ ላይ 400 ካሬ ሜትሩ በ5 ሜትር ርቀት ዛፍ ቢተከልበት 16 ዛፍ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢደርሰው በሳምንት 640 ሊትር ይበቃል፤ 32 ጀሪካን ማለት ነው። ይህም የመጀመሪያው በጋ ነው። በሁለተኛው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ለቦታው የሚስማማ ዛፍ ከሆነ ሥሩ ጠልቆ ራሱን ይችላል። ቁጥቋጦ ከዚህም ያነሰ ይጠይቃል፤ 60 የክትክታ ወይም የቀጋ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ አምስት አምስት ሊትር ቢያገኝ 300 ሊትር ነው።

ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ የሌለው ሰፈር ከቦታው አንድ አምስተኛ በላይ ሳር ባያደርግ እንመክራለን። 100 ካሬ ሜትር ሳር ልጆች እንዲሯሯጡበት፣ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ሲመጣ ድንኳን እንዲተከልበት ይበቃል። የቀረው ዛፍና ቁጥቋጦ ይሁን።

ለዚያች 100 ካሬም ቢሆን የሳሩ ዓይነት ይለያያል። ኪኩዩ ወፍራም፣ ለስላሳና እግር የሚችል ነው፤ ውሃ ካጣ ግን ቶሎ ይገረጣል፣ ከጠጣ ደግሞ እየተንፏቀቀ የዛፍ ችግኞችን ሥር ይወርራል። ሰርዶ በጥር ቡናማ ሆኖ የሞተ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አይሞትም፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ያቆጠቁጣል። ቡናማ ሳር ማየት የማይከብደው ሰፈር ሰርዶን ይምረጥ፤ ያለ ምንም ውሃ ስለሚያልፍ ሌላው ሁሉ ይቀልላል። ሁለቱም የሚተከሉት በሰኔ መጨረሻ፣ ሥር ያለው ቁራጭ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት እየተደረገ ነው። ሲታጨድ ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች አይውረድ፤ የተላጨ ሳር አፈሩን ለፀሐይ ያጋልጣል። በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ እዚያ ደጋግሞ ሳር መትከል ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ደረቅ ሳር ወይም ቅጠል) ይደረግ።

ያለውን ዛፍ ማትረፍ ወይስ ቆርጦ አዲስ መትከል?

በቦታው ላይ የቆመ ዛፍ ካለ ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ስለ እሱ ነው። የ30 ዓመት ወይራ ተቆርጦ በምትኩ "መቶ ችግኝ እንተክላለን" ሲባል ቁጥሩ ያታልላል። ያ ዛፍ ዛሬ የሚሰጠውን ጥላ፣ የሚያዘውን አፈር፣ የሚያስጠልለውን ወፍ መቶ ችግኝ ለብዙ ዓመታት አይተካም፤ ከመቶውም ስንቱ መጋቢትን እንደሚሻገር ገና አልታወቀም። የበሰበሰ ወይም ሰው ላይ ሊወድቅ ያዘነበለ ካልሆነ በቀር ይቆይ።

የቆመ ዛፍ በከተማ ውስጥ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመጥረቢያ አይደለም፤ በግንባታ ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቆሞ ይቆይና ከአናቱ ጀምሮ ይደርቃል፤ ያኔ ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም። መለኪያው ቀላል ነው። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብላችሁ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ፣ ለ3.14 አካፍሉ፣ ውፍረቱን ታገኛላችሁ። ያንን በ12 አባዙት። ዙሪያው 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በየአቅጣጫው እስከ 4.8 ሜትር ድረስ መቆፈር፣ ድንጋይ መከመር፣ ሲሚንቶ ማቡካት፣ መኪና ማቆም አይገባም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዚህ ርቀት ላይ ችካል ተክላችሁ ሲባጎ ወጥሩ፤ ለቆፋሪዎቹም በቃል ብቻ ሳይሆን በምልክት አሳዩ።

አፈር መከመርም እንደ መቁረጥ ይጎዳል። ቦታውን ለማስተካከል ተብሎ በግንዱ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ሲደለደል ሥሩ አየር ያጣል። መሬቱ የግድ ከፍ ማለት ካለበት ከግንዱ ራቅ ብሎ ክብ የድንጋይ ግድግዳ ይሰራና ዛፉ በድሮው ከፍታ ይቀመጥ። የመብራት ሽቦ ሲነካ ደግሞ አናቱን ከመጎመድ ይልቅ ሽቦው ጋ የሚደርሱትን ቅርንጫፎች ከመነሻቸው ማውጣት ይሻላል። የተጎመደ አናት በደካማ ቀንበጦች ይሞላና ነፋስ ሲመጣ የሚሰበረው እሱ ይሆናል።

የትኛው ዛፍ?

"ሀገር በቀል ይሻላል" የሚለው አነጋገር እውነት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ እንጦጦ ግርጌ የሚያምርበት ዛፍ አቃቂ ላይ ሊሞት ይችላል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ድረስ በከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ትለያያለች። በላይኛው በኩል አፈሩ ቀይና ውሃ የሚያሳልፍ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል።

ላይኛው ሰፈር ለኮሶ፣ ለሐበሻ ጽድና ለወይራ ይመቻል። ኮሶ ቀዝቃዛውን ይወዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ያድጋል፤ ቆላ እየሆነ ሲሄድ ግን ይደክማል። የሐበሻ ጽድ ድርቅ ይችላል፣ ቅጠሉን አያራግፍም፣ ጥላው ግን ጠባብ ስለሆነ ለድንበርና ለነፋስ መከላከያ እንጂ ለመቀመጫ አይሆንም። ወይራ ለድንጋያማ ቦታ ተወዳዳሪ የለውም። ሁለት ነገር ብቻ ይታሰብበት፦ እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ በመንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ቅርንጫፉ ለመፋቂያና ለማጠኛ ስለሚፈለግ ገና በችግኝነቱ ይራቆታል። ስለዚህ ወይራ ወደ ውስጥ፣ ዘበኛ በሚያየው በኩል ይተከል።

ለመካከለኛው ከፍታ ጥላ ለሚፈልግ ሰው ምርጫችን ዋንዛ ነው። ሰፊ ቅጠል፣ ንብ የሚጠራ ነጭ አበባ፣ ልጆች የሚለቅሙት ጣፋጭ ፍሬ አለው። ድክመቱ ውርጭ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ለጋው ችግኝ ይቃጠላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት በሳር ወይም በጆንያ ከለላ ማሳለፍ አለበት። ብሳና ከዋንዛ ይፈጥናል፣ ደካማ አፈር ላይም ይቆማል፤ ባዶ ቦታን ቶሎ ለመሸፈን ጥሩ ነው። ብርብራ አፈርን ያዳብራል፤ ፍሬው ግን ዓሣ ለማስከር የሚያገለግል መርዝነት ስላለው በሕፃናት መጫወቻ አጠገብ አይሁን። ዝግባና ጥቁር እንጨት ከሁሉ የከበሩ ናቸው፤ በተለይ ዝግባ ቀርፋፋ ስለሆነ ብዙዎች ይሸሹታል። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችውን አህያ መምሰል ነው። ከ16ቱ ዛፍ 3 ወይም 4ቱ ዝግባ ይሁኑ፣ በመካከላቸው ፈጣኑ ብሳና ጥላ ይስጣቸው፤ ዝግባ በልጅነቱ ከፊል ጥላ ይስማማዋልና።

ለጥቁር አፈር ዋናው ዛፍ የሐበሻ ግራር ነው፤ ጃንጥላ መሳይ ጥላው ሳሩንም አያፍንም፣ እሾሁ ግን በልጆች መሮጫ ላይ ያስቸግራል። ዋርካና ሾላ እንደ ታላላቅ አደባባዮች ሰፊ ቦታ ላላቸው ብቻ ናቸው፤ ሥራቸው የውሃ ቱቦና መሠረት ስለሚፈልግ ከሕንፃ 15 ሜትር መራቅ አለባቸው።

ከውጭ ከመጡት መካከል ግራቪሊያ ቶሎ ጥላ በመስጠት የሚደርስበት ጥቂት ነው፤ ቅርንጫፉ ግን በነፋስ ይሰበራልና ከመቀመጫ በላይ አይንጠልጠል። ጃካራንዳ በአበባው መንገድ ያስውባል፤ የረገፈው አበባ ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፤ አረጋውያን በሚሄዱበት መተላለፊያ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ይሁን። ከ16 ዛፍ ከ4 በላይ የውጭ ዝርያ አያስፈልግም። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ግን ሀገር በቀልም ይሁን የውጭ ስህተት ነው፤ አንድ በሽታ ሁሉንም በአንድ ዓመት ይወስደዋል።

ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የከተማዋን የማገዶና የእንጨት ችግር አቃልሏል፤ ለ500 ካሬ ሜትር የሰፈር ቦታ ግን አይሆንም። ውሃ ይሻማል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል ያቀጭጫል፣ ቅባታማ ቅጠሉ ቶሎ እሳት ይይዛል። ቀድሞ ካለና ቁልቁለት ላይ ከሆነ በአንድ ጊዜ አይመንጠር፤ አፈሩ በመጀመሪያው ክረምት ይሄዳል። በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን እያነሱ በክፍተቱ ሀገር በቀል መተካት ይሻላል። 705 ሄክታር የያዘውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የጎበኘ ሰው ባህር ዛፍና ሀገር በቀል ዛፍ ጎን ለጎን ሲያድጉ ማየት ይችላል። የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጉቶ ያቆጠቁጣልና ቀንበጡን በየሁለት ወሩ መስበር፣ ወይም የጉቶውን ቅርፊት እስከ መሬት ልጦ በአፈር መሸፈን ግድ ነው። ይህ ሥራ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥላል፤ በመሃል ከተቋረጠ ከአንድ ግንድ አምስት ግንድ ይወጣል።

ትልቅ ችግኝ ወይስ ትንሽ?

ሁለት ሜትር የሚሆን ችግኝ ለምረቃ ቀን ያምራል። በላስቲክ ውስጥ ብዙ ስለቆየ ግን ሥሩ ብዙ ጊዜ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል፤ ከተተከለም በኋላ እዚያው ይዞራል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነፋስ ይነቅለዋል። ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ርካሽ ነው፣ ድንጋጤው ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ቀድሞ ያድጋል። ጉዳቱ በሰውና በከብት መረገጡ ነው። አጥር ካላችሁ ትንሹን፣ አጥር የሌለው የመንገድ ዳር ከሆነ 1 ሜትር ያህል የሆነውን ምረጡ። ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ ከቅጠሉ በፊት የላስቲኩን ግርጌ እዩ፤ ወፍራም ሥር በስቶ ከወጣ ተዉት። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ያለ ድጋፍ የሚቆም ይሁን።

ጉድጓድ ለቀይ አፈር 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር በግንቦት ይቆፈር። የላዩ አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጥ፤ ሲሞላ የላዩ ከታች ይገባል፣ አንድ ሦስተኛ የበሰለ ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል። ተከላው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ላስቲኩ ይቀደድ፣ ይወገድም፤ ከነላስቲኩ መትከል በዘመቻ ቀናት ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው፣ ችግኙም ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። የግንዱ አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ ከመሬት እኩል ይሁን እንጂ አይቀበር።

በጥቁር አፈር ላይ ጉድጓድ ራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ውሃው እዚያው ካለ አትትከሉበት። በምትኩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሠርታችሁ በላዩ ትከሉ፣ በጎኑም የውሃ መውረጃ ቦይ አውጡ። ክረምቱ ሲወጣ ጉብታው ቶሎ ይደርቃልና ጉዝጓዙ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል፦ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሳር ወይም ቅጠል፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። ግንዱን የነካ ጉዝጓዝ ቅርፊቱን ያበሰብሳል።

አጥርና መተላለፊያ

የሽቦ አጥር በአንድ ቀን ይቆማል፣ ውድ ነው፣ ይሰረቃልም። የቀርከሃ አጥር ርካሽ ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ክረምት ድረስ ይቆያል፣ ችግኝ ራሱን እስኪችል የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ሕያው አጥር ከክትክታ፣ ከቀጋና ከአጋም ሲሰራ ዘላቂው እሱ ነው፤ በሁለት መስመር፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት እየተፈራረቀ ይተከላል፣ አጥር ለመባል ግን 3 ዓመት ይፈልጋል። የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ቀርከሃው ከውጭ፣ ክትክታው ከውስጥ፤ ቀርከሃው ሲበሰብስ ክትክታው ይረከባል። የወፍ ቆሎ በአበባው እየተወደደ ለአጥር ይተከላል፤ ወፍ ፍሬውን እየበተነ ወራሪ ስለሚያደርገው አትጠቀሙበት።

ለመተላለፊያ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ተነጥፎ መጋጠሚያው በአሸዋ ሲሞላ ውሃ ያሳልፋል፤ በሲሚንቶ ሲታሸግ ግን ከኮንክሪት አይለይም። ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ርካሽና ውሃ የሚያሳልፍ ነው፤ በዊልቸር ለሚሄድና ለአረጋውያን ግን አይመችም፣ ቁልቁለት ላይም ይታጠባል። ዋናውን መንገድ ኮብልስቶን፣ የውስጡን ቀይ አሽ ማድረግ ያስኬዳል። በሁሉም ዛፍ ዙሪያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት አፈር ይተው።

ቦታችሁ ወንዝ ዳር ከሆነ ለቁልቁለቱ ቬቲቨር ሳር በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት አግድም ትከሉ፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ እየጠለቀ አፈሩን ይይዛል። ጋቢዮን (በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) የሚያስፈልገው ጎርፍ ዳርቻውን ከሥር በሚቦረቡርበት ቦታ ብቻ ነው። በከተማዋ ወንዞች ውሃ ግን ጎመንም ሆነ ሰላጣ አታጠጡ፤ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ስላለበት ጥገኛ ትሎችና ከባድ ብረቶች ወደ ማዕድ ይመጣሉ።

ማን ይንከባከብ?

"ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ዛፍ" የሚለው አሠራር ገንዘብ አይጠይቅም፣ ልጆችንም ከዛፉ ጋር ያወዳጃል። ችግሩ የጥር በዓላት ሲመጡ፣ ተከራይ ሲለቅ፣ ውሃ ሲጠፋ 16ቱም በአንድ ሳምንት ይረሳሉ። ተቀጣሪ አትክልተኛ ግን 32ቱን ጀሪካን በሁለት ጠዋት ያደርሳል፤ የሚያሰጋው ደመወዙ በመሃል መቋረጡ ነው። ስለዚህ መዋጮውን በየወሩ ከመለመን ይልቅ የሁለቱ በጋ ክፍያ ከተከላው በፊት ተሰብስቦ ባንክ ይግባ። ይህ ገንዘብ ካልተገኘ የዛፉን ቁጥር ወደ 8 ቀንሱ። የቦታው አጠቃቀምም ከወረዳው በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ለሌላ ግንባታ የተያዘ መሬት ላይ ዝግባ መትከል የሁለት በጋ ልፋት መቅበር ነው።

መጋቢት ላይ የደረቀ ችግኝ ሲታይ በሐምሌ እዚያው ላይ ሌላ ከመተካት በፊት ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። እንደ ገመድ የተጠቀለለ ከሆነ ችግሩ ከችግኝ ጣቢያው ነው። ጥቁር ሆኖ የሚሸት ከሆነ ውሃ አፍኖታል፤ ጉብታ ሠርታችሁ ትከሉ። ሥሩ ነጭና ደረቅ፣ አፈሩም አቧራ ከሆነ ውሃው አልደረሰም፤ የጀሪካኑን ታች በምስማር በስታችሁ ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብ ግንዱ አጠገብ አስቀምጡት። ቅርፊቱ በአፈር ሽፋን ተበልቶ ከተገኘ ምስጥ ነው፤ ያልበሰለውን ፍግና ደረቅ እንጨቱን አስወግዳችሁ ጉዝጓዙን ከግንዱ አርቁት። ሥሩ ደህና ሆኖ ግንዱ ላይ የገመድ ጠባሳ ካለ ደግሞ የደገፋችሁበት ችካል አንቆታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ፍቱት።